አሥራ ሁለት መዶሻ ይዤ ወደ ተበላ

ሰኞ

«እዚያ አገር ምን አየሽ?» ለሚለኝ ሁሉ አንድ በአንድ መመለስ ስለሰለቸኝ ጻፍኩት። የሰፈሬ ሰዎች፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ በተለይም «ምን ይበላል?» ብላ ሦስት ጊዜ የጠየቀችኝ ታናሽ እህቴ፣ ይህን አንብቡና ተዉኝ። ስለ ተራራውና ስለ ሐይቁ ማወቅ የሚፈልግ ሌላ መንገደኛ ይፈልግ። እኔ ዳሞታን ያየሁት ጉም ለብሶ ነው፤ አባያን ደግሞ በጣት አሳይተውኝ ሰማይ መስሎኝ ዝም አልኩ።

የአንድ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት የጥልፍና የወረቀት ሥራ አስተማሪ ነኝ። አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር፣ ከሱዳን በኩል ጦርነት ሸሽተው ወላይታ የገቡ ቤተሰቦች መኖራቸውን ሰምቶ፣ ልጆቻቸው ከትምህርት ሰዓት በኋላ የእጅ ሥራ የሚማሩበት ክፍል እንድከፍት ለመነኝ። «ባለቀለም ወረቀት፣ ሙጫና ክር ስጡኝ» አልኩ። «እንዴታ!» አሉና አንድ ትልቅ ሣጥን የአናጢ ዕቃ አስረከቡኝ። አሥራ ሁለት መዶሻ፣ ስድስት መጋዝ፣ መሮ፣ ጉጠት። በነፃ የተገኘ ዕቃ ነውና ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔ በዕድሜዬ በመዶሻ የሰቀልኩት አንድ ሥዕል ብቻ ነው፤ እሱም እስከ ዛሬ ተጣሞ ነው የሚኖረው።

ሣጥኑ ከእኔ ቁመት በአንድ ስንዝር የሚበልጥ፣ ጠበብ ያለ፣ ነጭ ጣውላ ነው። አውቶብስ ተራ ያሉት ተሸካሚዎች ሳይጮኹ፣ ሳይሳደቡ፣ ቀስ አድርገው ጣሪያው ላይ አወጡት። አንደኛው ባርኔጣውን አወለቀ። አውቶብስ ተራን ለሚያውቅ ሰው ይህ ብቻውን ማስጠንቀቂያ ነበር፤ እኔ ግን «ምን ዓይነት ጨዋዎች ናቸው!» ብዬ ገባሁ።

ሞጆን እንዳለፍን አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ እጄን ጭምቅ አደረጉኝ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ።»

መኪናው አጥወልውሎኝ ስለነበር ለእሱ መሰለኝና «አሜን» አልኩ። ያ አሜን ነው ያጠፋኝ። ዝዋይ ስንደርስ አውቶብሱ ሙሉ ተክዟል። ሾፌሩ ጉድጓድ ሲመጣ እየተጠነቀቀ ይነዳል። ምሳ ላይ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «ባልሽ ነው?» አለኝ።

«የቱ?»

«እላይ ያለው።»

«ኧረ መዶሻ ነው!»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ወይዘሮዋ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ተዋት፤ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል። እኔም ባሌ የሞተ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ስለ ድንች ነበር የማወራው።»

ያደርነው ሻሸመኔ ነው። የሆቴሉ ባለቤት ሣጥኑ ከዕቃ ጋር አያድርም ብላ እንግዳ መቀበያው ውስጥ በሁለት ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ሻማም አበራችለት። እኛ ሰፈር ለቅሶ የሚደርስ ሰው መጀመሪያ «ማን ነው የሞተው?» ይላል። መንገደኛ ዘንድ ግን መጠየቁ ነውር ሆነና ማንም ሳይጠይቅ፣ እኔም ማስረዳት ሰልችቶኝ፣ ለመዶሻዎቼ ሐዘን ተቀመጥኩ። እራት ሁለት ጊዜ ቀረበልኝ፤ እንቢ ስል አጎረሱኝ።

ማክሰኞ

በአላባ አድርገን ቦዲቲ ስንቆም ሌላ መኪና የሚጠብቁ ሴቶች የተሳፋሪውን ፊት አይተው ማልቀስ ጀመሩ። እውነት ለመናገር እኔንም አስለቀሱኝ።

ሶዶ የገባነው በዝናብ ነው። የሚቀበሉኝ የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት መምህር አቶ ማርቆስ ናቸው፤ አስተርጓሚዬም እሳቸው ናቸው። ጃንጥላ ዘርግተው፣ ፈገግ ብለው ቆመው ነበር። ስድስት ሰው ሣጥኑን በትከሻው ተሸክሞ ሲወርድ ሲያዩ ጃንጥላውን አጠፉና ዝናቡ ላይ ቆመው ጸሎት ጀመሩ። የእሳቸው ጸሎት እንደኛ ሰፈር ቄስ ቶሎ የሚያልቅ አይደለም። እኔም ጸጉሬም በስብሰን አለቅን። እቤት ገብተን የዕቃውን ዝርዝር ስሰጣቸው፣ በዚያው በጸሎት ድምፅ «መዶሻ አሥራ ሁለት፣ መጋዝ ስድስት…» ብለው አነበቡና ቀና ብለው አዩኝ። ሚስታቸው ወይዘሮ ማርታ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሁላችንም እስክናነባ ሳቅን።

ምን እንደሚበላ፣ እህቴ ሆይ፤ የተቀቀለ ጎደሬ፣ እነሱ ቦይና የሚሉት፣ በዳጣ ነው የቀረበልኝ። ዳጣ እርጥብ ቃሪያ ከነቅመማ ቅመሙ ተፈጭቶ ነው፤ የእኛ ሚጥሚጣ እዚህ ቢመጣ ለሕፃናት ይሰጣል። ዕንባዬ ሲወርድ ወይዘሮ ማርታ «አይዞሽ ቲቸር፣ ለብርድ ጥሩ ነው» እያለች ትጨምርልኛለች። መኝታቸውን ለእኔ ለቀው እነሱ ከልጆቻቸው ጋር ተኙ። አዲስ አበባ ሆኜ ቢሆን ለማላውቀው ሰው አልጋዬን እሰጥ ነበር ወይ? አልሰጥም። እዚህ ላይ አልዋሽም።

ረቡዕ

ከአቶ ማርቆስና ከሣጥኑ ጋር በጭነት መኪና፣ ጨው ላይ ተቀምጠን፣ ተበላ ወደምትባል የቆላ ከተማ ወረድን። በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ጨመረ፤ ከሶዶ ሹራብ ለብሼ ተነሥቼ ተበላ ስደርስ ሹራቡም ነጠላውም ከረጢት ገብቷል። ስደተኞቹ ያሉበት ሰፈር ከተበላ በታች ግማሽ ሰዓት በእግር ነው። እነዚህ ሰዎች ከምዕራቡ ድንበር እዚህ ድረስ እንዴት እንደመጡ ስጠይቅ አቶ ማርቆስ «ደብዳቤው ወደዚህ ተጻፈ» አሉኝ። በቃ፣ ደብዳቤው ወደዚህ ስለተጻፈ ሰዎቹም ወደዚህ መጡ።

ቤቶቹ ሃያ ይሆናሉ፤ ጭቃቸው ጥሩ ተመርጓል፣ ሣራቸው አዲስ ነው። በር ግን የላቸውም፤ አንዳቸውም። መግቢያው ባዶ ነው።

«በሩስ?» አልኩ።

«በር በሁለተኛው ዙር ነው» አለኝ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

አቶ ተሰማ ናቸው፤ የሰፈራው ኮሚቴ ንብረት ጠባቂ። በዚያ ሐሩር ጋቢ ደርበዋል፤ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተዋል። ሁለተኛው ዙር መቼ እንደሆነ አያውቁም። እስከዚያ ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው። በራሱ ብልሃት መግቢያውን የዘጋ ደግሞ በር እንደደረሰው ተቆጥሮ ከዝርዝሩ ይወጣል። ይህንን ሲነግሩኝ አላፈሩም፤ እንዲያውም ሥርዓቱ ደስ የሚላቸው ይመስሉ ነበር።

የሣጥኑን ክዳን በሦስት ምስክር ፊት አነሡ። መዶሻዎቹን አንድ በአንድ እያበሱ አንሶላ ላይ ደረደሩ። አርባ ያህል ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው አንሶላው ላይ ነው። አንዱን መዶሻ ላነሣ እጄን ስዘረጋ አቶ ተሰማ ቀደሙኝ።

«ይታያል እንጂ አይመታበትም፣ እመቤቴ።»

«መዶሻ እኮ ነው!»

«ስለሆነ ነው። ቢመቱበት ይጎዳል። ቢጎዳ ተጠያቂው ማን ነው?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ ሌላ ቦታ ስሠራ አንድ አካፋ ጠፋ ተብሎ ስድስት ወር ታስሬያለሁ። አካፋው ጣሪያ ላይ ነበር። ቅዳሜ ከሶዶ የበላያችን፣ ትልቁ ሰውዬ፣ መጥተው ክፍሉን ይከፍታሉ፣ ዕቃውንም ያያሉ። እስከዚያ አንድ ጭረት አላስነካም።»

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት በማየት ሆነ። እሳቸው መዶሻውን ከፍ አድርገው ይይዛሉ፤ እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፤ አቶ ማርቆስ ወደ ወላይትኛ ይመልሱታል፤ ከዚያ አቾል የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ታናሽ ወንድሟን አዝላ፣ ወደ ቋንቋቸው ትመልሳለች። በሰባት ወር ከአገሬው ልጆች ጋር ስትጫወት ነው ወላይትኛውን የቻለችው።

«ይህ መዶሻ ይባላል። ምስማር ይመታል» አልኩ።

በሁለት ቋንቋ አልፎ ሲሄድ ልጆቹ በሙሉ አዘኑ። ምን እንዳለች በአቶ ማርቆስ በኩል አስጠየቅኋት።

«ልጅቷ ጎበዝ ነው» አሉኝ፤ የአቶ ማርቆስ አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም። «‹ይህ መዶሻ ነው፣ ለእኛ አይሰጡንም› አለ።»

ሐሙስ

ጠዋት አቾል እናቷን ልታስተዋውቀኝ ወሰደችኝ። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናት። እጄን በሁለት እጇ ያዘች፣ በቋንቋዋ ሰላምታ ጀመረች፣ መሐል ላይ ዓይኗ ተከደነ። ቆማ፣ እጄን እንደያዘች፣ እንቅልፍ ወሰዳት።

አቾል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እኔም ቆምኩ። ፀሐዩ ወጣ፣ ላቤ ወረደ፣ ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ተቀመጠ፤ እጄን ግን ማላቀቅ አልቻልኩም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ነቃችና ሰላምታውን ካቆመችበት ቀጠለች።

«ሴትዮው ማታ አይተኛም» አሉኝ አቶ ማርቆስ። ጅብ ከጎረቤቷ ቤት ውስጥ ፍየል ይዞ ወጥቷል። እሷ መግቢያው ላይ ሰሌን ብትሰቅል ጅቡ ሰሌኑን በላው። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን በትር ይዛ ደጃፏ ላይ ትቀመጣለች፤ ቀን ደግሞ ውኃው ሩቅ ነው። ባለፈው ሳምንት እንስራ ተሸክማ እየሄደች ተኝታ ወደቀች። አቾል ይህን ስታስረዳ አላለቀሰችም፤ «የሚቀጥለው ጊዜ እሳት ላይ ይሆናል» ብቻ አለች። እኔ አንድ ሌሊት የጎረቤት ውሻ ሲጮህብኝ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሰው አላስቀምጥም።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ምን መሥራት እንደሚፈልጉ ጠየቅሁ። ወፍ፣ አበባ፣ መኪና ይሉኛል ብዬ ነበር። አቾል ማንንም ሳትጠይቅ መለሰች። በር።

«በምን እንጨት?» አልኩ።

አቶ ተሰማ ወደተቀመጡበት ጠቆመች። የተቀመጡት ሣጥኑ ላይ ነው።

ተነሡ። ዝርዝራቸውን አወጡ። ከላይ ወደ ታች አነበቡ፣ ገለበጡት፣ ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት። መዶሻ አለ፣ መጋዝ አለ፣ ጉጠት አለ። ሣጥን የሚል የለም።

«እንግዲህ ሣጥን የለም» አሉና መልሰው ተቀመጡበት።

«ከሌለ እንግዲህ ብናፈርሰው ማንም አይጠይቅም» አልኩ።

የሌለ ነገር ቢፈርስ ጉድለት እንደማይሆን ተስማሙ። «የበሩ ዙርስ?» ሲሉኝ በር ሳይሆን የእጅ ሥራ ናሙና ነው አልኳቸው፤ ናሙና መግቢያ ላይ ቢሰቀል ከዝርዝር አያስወጣም። ይህም ልክ ሆኖ ታያቸው። መዶሻውን ግን አልለቅም አሉ፤ መዶሻው አለና።

እንደዚህ ሆኖ ነው እንግዲህ አሥራ ሁለት አዲስ መዶሻ አንሶላ ላይ ተጋድሞ እያየ አርባ ልጅ በድንጋይ ሣጥን ያፈረሰው። ምስማሩን በድንጋይ ነቀሉት፣ የተጣመመውን በድንጋይ አቃኑት። እኔ በመጨረሻ የማውቀው ሥራ መጣልኝና የእነአቾልን ቤት መግቢያ ለክቼ የበሩን ልክ ከጋዜጣ ቀደድኩ። እጄን ልታጠብ ዞር ስል ፍየል ግርጌውን አንድ ስንዝር በላችው። ማንም አላስተዋለም።

ዓርብ

ጣውላው በወረቀቱ ልክ ተገጣጠመ። ለማጠፊያ አሮጌ የመኪና ጎማ ቆረጥን፣ ለመቀርቀሪያ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ሰጡ። ሥራው ግን አይሄድም። በድንጋይ የተመታ ምስማር አንዴ ይገባል አንዴ ይተኛል። ከቀትር በኋላ አቾል ጣቷን መታች። ጥፍሯ ተሰነጠቀ፣ ደሙ ጣውላው ላይ ተንጠባጠበ። ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች፣ አወጣች፣ ድንጋዩን አነሣች።

አቶ ተሰማ ብድግ አሉ። አንድ መዶሻ አነሡ፣ ሁለት እርምጃ ሄዱ፣ ተመልሰው አስቀመጡት። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እንደገና አነሡት። እኔ እንኳ ያን ጊዜ አሾፍኩባቸው ማለት አልችልም፤ ስድስት ወር የታሰሩት እሳቸው ናቸው።

«አንድ ብቻ» አሉ፤ እጇ ላይ አስቀመጡላት። «እንዳትቧጭሪው።»

አቾል መታች። የመጀመሪያው ምት ላይ የመዶሻው ፊት ተጫረ። አቶ ተሰማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለተኛው ምስማር ሲገባ አንዱን ዓይን ገለጡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰባት መዶሻ ከአንሶላው ተነሥቶ ነበር፤ ሰባተኛውን የያዙት እሳቸው ናቸው፤ አንድ ምስማር አቀማመጡ አልጥም ብሏቸው።

በሩ ከታች በስንዝር አጠረ፤ ፍየሏ የበላችው ያን ጊዜ ታወቀ። እኔ ራሴን ያዝኩ። ልጆቹ ግን ወንዝ ሄደው ጭቃና ድንጋይ አመጡና ወለሉን በስንዝር ከፍ አደረጉት። ደርቆ ይደር ብለው ተዉት።

ቅዳሜ

ጠዋት በሩ ተሰቀለ። ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቦ እልል አለ። የአቾል እናት በሩን በእጇ ዳሰሰች፣ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች። ከዚያ ከውስጥ እንዴት እንደሚዘጋ ልታይ ገባች። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማን።

አልወጣችም።

ጠበቅን። አቾል ጆሮዋን ጣውላው ላይ ለጠፈች፤ ዞራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ልክ ያን ጊዜ ትልቁ ሰውዬ በላንድሮቨር ደረሱ። ከረባት አስረዋል፣ ከአራት ሰው ጋር ናቸው፣ እጃቸው ላይ ስድስት ገጽ ንግግር አለ። ሕዝቡ በሙሉ በአንድነት «እሽሽሽ!» አላቸው። እንደዚያ ብሎ ሰው ሲቀበላቸው በዕድሜያቸው የመጀመሪያው ይመስለኛል።

«ምንድነው?» አሉ ጮክ ብለው።

«እሽሽሽ!»

«ምንድነው?» አሉ በሹክሹክታ።

አቶ ማርቆስ በሹክሹክታ አስረዱ። ሰውዬው ናሙናውን አዩ፣ መግቢያው ላይ መሰቀሉን አዩ። «ርክክብ መደረግ አለበት። ቀስቅሷት» አሉ፤ አሁንም በሹክሹክታ። ቃሉ በወላይትኛ በኩል አልፎ አቾል ዘንድ ደረሰ። አቾል በሩን በጀርባዋ ተደግፋ ቆመች። መልሷ በሁለት ቋንቋ ተመልሶ መጣ።

«አይሆንም አለ» አሉ አቶ ማርቆስ። «ሰባት ወር ያልተኛውን ነው የሚተኛው።»

ሰውዬው ንግግራቸውን ዘርግተው፣ ሌላ የሚያደርጉት ስለጠፋቸው፣ ስድስቱንም ገጽ በሹክሹክታ አነበቡ። ከፊት የቆምኩት እኔ እንኳ «ዕድገት» የሚለውን ብቻ ነው የሰማሁት። ሲጨርሱ ሁላችንም ያለ ድምፅ አጨበጨብን። ከዚያ አንሶላው ጋ ሄዱ። አንድ መዶሻ አነሡ፣ ፊቱን በጣታቸው አሹት፣ ሌላ አነሡ።

«ይሄ ለምን ተጫረ?»

አቶ ተሰማ ጉሮሯቸውን ለመጥረግ ፈለጉ፤ ድምፅ ስለሚያወጣ ተዉት። «ተመታበት» አሉ።

ሰውዬው ለቁጣ አፋቸውን ከፈቱ። ቁጣ ግን በሹክሹክታ አይወጣም። ሞከሩ፤ የደም ሥራቸው ተገተረ፣ ጣታቸው ተወዛወዘ፣ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። በዚያ ዝምታ መሐል ከበሩ ጀርባ ማንኮራፋት ተሰማ፤ የጠለቀ፣ የሰፋ፣ ምንም የማይፈራ ማንኮራፋት። ሰውዬው አፋቸውን ዘጉ። መዶሻውን ይዘው ወደ አቾል ሄደው እጇ ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«ለሌሎቹም ቤቶች ባዶ ሣጥን ይላክ» ብለው ንግግራቸው ጀርባ ላይ ጻፉ፤ ፈረሙም።

የመሄጃ ሰዓቴ ደረሰ። የአቾልን እናት ልሰናበታት ፈልጌ ነበር፤ አልሆነም። ወደ መኪናው የሚወስደው መንገድ በበሩ ፊት ነው የሚያልፈው፤ መሬቱም ጠጠር ነው። ትልቁ ሰውዬ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። አራቱ ሰዎቻቸው አወለቁ፣ አቶ ማርቆስና አቶ ተሰማም አወለቁ። ከረባት ያሰሩ ሰዎች ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ በጣት ጣታቸው እየረገጡ፣ ተራ ይዘው በበሩ ፊት አለፉ። እኔ መጨረሻ ላይ ነበርኩ። መሐል መንገድ ላይ እሾህ ወጋኝ። አልጮኽኩም።